የጉግል ፎቶስ ፎቶዎችን በጅምላ አውርዶ በየቀናቸው ማደራጀት የሚቻለው እንዴት ነው?

በስልካችን ያነሳናቸው ፎቶዎች በራሳቸው ጊዜ ወደ ጉግል ፎቶስ እየሄዱ ለዓመታት ሲከማቹ ብዙዎቻችን ልብ አላልነውም። ከግንቦት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ግን አዲስ የሚጫን ፎቶ ሁሉ ከ15ቱ ነፃ ጊጋባይት ላይ ይቀነሳል፤ ይህ ቦታ የጂሜይልና የጉግል ድራይቭም የጋራ ቋት ስለሆነ ሲሞላ የሚቆመው ፎቶ ማስቀመጥ ብቻ ሳይሆን ኢሜይል መቀበልም ጭምር ነው። ከዚህም ሌላ ለ2 ዓመት ማንም ሳይገባበት የቆየን የግል አካውንት ጉግል ከነይዘቱ ሊሰርዘው ስለሚችል፣ በሕይወት የሌለ ዘመድ ፎቶዎች በአካውንቱ ውስጥ የቀሩበት ቤተሰብ ነገሩን ለነገ ባያሳድረው ይመረጣል።

በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶዎችን አንድ በአንድ እየከፈቱ ማውረድ አያስፈልግም። ጉግል ራሱ «ቴክአውት» የሚባል፣ አንድ ሰው በአካውንቱ ያለውን ሁሉ በጅምላ የሚወስድበት አገልግሎት አለው። ይሁን እንጂ ማውረዱ የሥራው ቀላል ክፍል ነው፤ ጊዜ የሚፈጀው ፎቶው ከወረደ በኋላ ከተነሳበት ቀን ጋር ሳይለያይ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው።

ቅድመ ዝግጅት

ሥራው በስልክ አይመችምና ኮምፒውተር ያዘጋጁ። ፎቶዎችዎ 40 ጊጋባይት ከሆኑ ቢያንስ 120 ጊጋባይት ክፍት ቦታ ያስፈልግዎታል፤ ምክንያቱም በሂደቱ መካከል የታሸገው፣ የተፈታውና የተደራጀው ቅጂ ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ጊዜ አለ። ፋይሎቹን በፍላሽ ላይ የሚያስቀምጡ ከሆነ አስቀድመው የፍላሹን ዓይነት ይመልከቱ። ብዙዎቹ «ፋት 32» በሚባለው አሠራር ፎርማት የተደረጉ በመሆናቸው፣ ሰፊ ክፍት ቦታ ቢኖራቸው እንኳ መጠኑ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበሉም። «ኤክስ ፋት» ተደርገው እንደገና ፎርማት ሲደረጉ ችግሩ ይወገዳል፤ ፎርማት ማድረግ ግን በውስጣቸው ያለውን ሁሉ ያጠፋል።

ጥያቄውን ማቅረብና ማውረድ

በብሮውዘርዎ ላይ «ጉግል ቴክአውት» ብለው ፈልገው ገጹን ይክፈቱና ፎቶዎቹ ባሉበት አካውንት ይግቡ። ገጹ ሲከፈት የጉግል አገልግሎቶች ሁሉ ተመርጠው ስለሚጠብቁዎት፣ በመጀመሪያ ሁሉንም የሚያነሳውን «ዲሴሌክት ኦል» ይጫኑና ወደ ታች ወርደው ጉግል ፎቶስን ብቻ ይምረጡ። ፎቶዎቹ ብዙ ከሆኑና ኢንተርኔትዎ የማያስተማምን ከሆነ ሁሉንም በአንድ ጥያቄ ከመውሰድ ይልቅ፣ እዚያው ያለውን የአልበም ዝርዝር ከፍተው የተወሰኑ ዓመታትን ብቻ መርጠው መጀመር ይችላሉ።

ቀጥሎ በሚመጣው ገጽ ላይ ማውረጃው ሊንክ በኢሜይል እንዲላክልዎት፣ ይህም ለአንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን፣ ዓይነቱ ዚፕ፣ የእያንዳንዱ እሽግ መጠን ደግሞ 2 ጊጋባይት እንዲሆን ይምረጡ። እስከ 50 ጊጋባይት የሚደርስ ምርጫ ቢኖርም፣ መብራት ወይም ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ 50 ጊጋባይት የሆነ አንድ ፋይል መጀመር በእኔ ግምት ለብስጭት መዘጋጀት ነው፤ ባለ 2 ጊጋባይቱ ቢቋረጥ የሚጠፋው ያው 2 ጊጋባይት ነው።

ጉግል እሽጎቹን አዘጋጅቶ እስኪጨርስ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ሊወስድ ይችላል። ኢሜይሉ ከደረሰዎት በኋላ ግን ጊዜው ጠባብ ነው፤ ሊንኩ የሚሠራው ለ7 ቀን ያህል ሲሆን እያንዳንዱን እሽግ ማውረድ የሚፈቀደውም 5 ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን የሚያቀርቡት በሚቀጥለው ሳምንት ኮምፒውተሩ አጠገብ መሆንዎን ሲያውቁ ይሁን። እሽጎቹ በተራ ቁጥር የተሰየሙ ናቸውና የወረዱትን በወረቀት ላይ ምልክት እያደረጉ ይከታተሉ።

እሽጎቹን በአንድ ላይ መፍታት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጉግል እሽጎቹን የሚከፋፍለው በመጠን እንጂ በይዘት ባለመሆኑ፣ አንድ ፎቶ በ3ኛው እሽግ፣ የፎቶው መረጃ ደግሞ በ7ኛው ውስጥ ሊገኝ ይችላል። እያንዳንዱን ዚፕ በየራሱ ፎልደር ከፈቱት ሁለቱ ሳይገናኙ ይቀራሉ። ስለዚህ «ሰቨን ዚፕ» የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ይጫኑ፤ ዚፖቹን ሁሉ በአንድ ፎልደር ሰብስበው በአንድነት ይምረጡና እዚያው እንዲፈቱ ይዘዙ። የተፈታው ሁሉ «ቴክአውት» በሚል አንድ ፎልደር ውስጥ ይዋሃዳል። በዲስኩ መነሻ ላይ አጭር ስም ባለው ፎልደር ውስጥ ቢሠሩ ጥሩ ነው፤ ዊንዶውስ ከተወሰነ ርዝመት በላይ የሆነ የፋይል አድራሻ ሲያጋጥመው ይቸገራል።

ቀኑን ወደ ፎቶው መመለስ

በፎልደሩ ውስጥ ከፎቶዎቹ አጠገብ የየፎቶውን መረጃ የያዙ «ጄሰን» የሚባሉ ትናንሽ ፋይሎች ተበታትነው ያገኛሉ። ቆሻሻ መስለውዎት እንዳይሰርዟቸው። በስልክ ካሜራ የተነሳ ፎቶ ቀኑን ብዙውን ጊዜ በራሱ ውስጥ ይይዛል፤ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ግን ይህ መረጃ ተገፎ ነው የሚደርሰን፤ ቀኑ የቀረው በጄሰኑ ውስጥ ነው። ከዚህ የባሰ ጉዳት የሚደርሰው በስካነር በተገለበጡ የድሮ ፎቶዎች ላይ ነው። የአያትዎን የሠርግ ፎቶ ጉግል ፎቶስ ላይ ጭነው ቀኑን በእጅዎ አስተካክለው ከነበረ፣ ያ እርማት ያለው በጄሰኑ ውስጥ ብቻ ነው።

ይህን መረጃ የሚያገናኝልዎት «ጉግል ፎቶስ ቴክአውት ሄልፐር» የተባለ ነፃ ፕሮግራም ነው። የተዋሃደውን ፎልደርና ውጤቱ የሚቀመጥበትን ሌላ ባዶ ፎልደር ሲያሳዩት ጄሰኖቹን እያነበበ የፋይሎቹን ቀን ያስተካክላል፤ ከፈለጉም በዓመትና በወር ይከፋፍልልዎታል። ዋናዎቹን ዚፖች ግን ሥራው ሁሉ እስኪያልቅ አይንኳቸው።

ፕሮግራሙን ከማስነሳትዎ በፊት የኮምፒውተርዎን የሰዓት ቀጠና ይመልከቱ። ጄሰኑ ውስጥ ያለው ሰዓት ከኢትዮጵያ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀረው ዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። በ2011 ዓ.ም. የፋሲካ ሌሊት፣ ሚያዝያ 20 ከሌሊቱ በ8 ሰዓት የተነሳ ፎቶ ጄሰኑ ላይ በሚያዝያ 19 ይመዘገባል። ዋሽንግተን ያለ ሰው ደግሞ ሥራውን በአካባቢው ሰዓት ቢሠራው፣ አዲስ አበባ ላይ በጥምቀት ማለዳ 1 ሰዓት የተነሳው ፎቶ ከከተራው ጋር ተደባልቆ ያገኘዋል። የቀጠናውን ቅንብር ለጊዜው ወደ ኢትዮጵያ ሰዓት መቀየር ይበቃል፤ በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን ቢያጡ ያው ቀጠና በናይሮቢ ስም ተቀምጧል።

ስለ ዘመን አቆጣጠርም አንድ ነገር ልጨምር። ጉግል የ2019 ብሎ የሚያስቀምጠው ፎልደር በእኛ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2011 እስከ ታኅሣሥ 21 ቀን 2012 ያለውን ስለሚይዝ የ2011ን መስቀል ወይም እንቁጣጣሽ በዚህ ፎልደር የሚፈልግ ሰው ግራ ይጋባል። በበኩሌ የወርና የዓመት ፎልደሮቹን እንደ ፕሮግራሙ በፈረንጆቹ ትቼ፣ የበዓልና የድግስ አልበሞችን ብቻ «2012 ጥምቀት» በሚል ዓይነት ስም በእኛው ዘመን እሰይማለሁ። ሁለቱን በአንድ ደረጃ መቀላቀል ግን ቅደም ተከተሉን ያበላሸዋል።

ድግግሞሹን ማጽዳት

አልበም ውስጥ የነበረ ፎቶ በዓመቱ ፎልደርም በአልበሙ ፎልደርም ተደግሞ ሊመጣ ይችላል። «ዲጂካም» የተባለው ነፃ ፕሮግራም በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ላይ ይሠራል፤ የምስሎቹን አሻራ ካነበበ በኋላ ተመሳሳዮቹን ጎን ለጎን ያሳይዎታል። የመመሳሰል መጠኑን ወደ 100 በመቶ ተጠግተው ይጀምሩ። ዝቅ ካደረጉት በተከታታይ የተነሱና አንዱ ላይ ሙሽራዋ ዓይኗን የጨፈነችባቸውን ፎቶዎች ጭምር አንድ ናቸው ይላቸዋል፤ የትኛው ይቅር የሚለውን ደግሞ ለፕሮግራም አደራ አልሰጥም። ፋይሎቹን በተነሱበት ቀንና ሰዓት በጅምላ መሰየም፣ ቀናቸው የተሳሳተባቸውን መርጦ ማረምም በዚሁ ፕሮግራም ይቻላል።

ከጉግል ላይ ከማጥፋት በፊት

የተደራጀውን በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ይቅዱና አንዱን ከቤትዎ ውጭ፣ ለምሳሌ እህት ወይም ወንድም ዘንድ ያስቀምጡ። ከየዓመቱ ጥቂት ፎቶና ቪዲዮ ከፍተው በትክክል መታየታቸውን ያረጋግጡ። ቦታ ለማስለቀቅ ከጉግል ፎቶስ ላይ መሰረዝ ሲጀምሩ፣ መተግበሪያው ከስልክዎ ጋር የተሳሰረ ከሆነ ፎቶው ከስልኩም አብሮ እንደሚጠፋ አይዘንጉ። ወደ ጉግል የተጫነ ፎቶ ከተሰረዘ በኋላ በቅርጫቱ ውስጥ 60 ቀን ስለሚቆይ፣ በዲስኩ ላይ የጎደለ ነገር ካገኙ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሊመልሱት ይችላሉ።