የቻይና ምግብ በቤት ውስጥ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ቤት ውስጥ የተሠራ የቻይና ምግብ ሲበላሽ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሶሱን ነው። «ሬስቶራንቶቹ የሚጨምሩበት አንድ ነገር አለ» ይባልና ሦስት ዓይነት ጠርሙስ ይገዛል፤ ምግቡ ግን ያው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ውሃና እሳቱ ላይ ነው። ውሃው በማይፈለግበት ቦታ ይገኛል፤ እሳቱ በሚፈለግበት ሰዓት ይደክማል።

ወጥ መሥራት የለመደ እጅ ደግሞ የራሱ ፈተና አለበት። ሽንኩርቱን በዝግታ አቁላልቶ፣ ውሃ ጠብ እያደረገ፣ ድስቱን ከድኖ የሚያበስል ሰው ዎክ (የቻይናውያን ጎድጓዳ መጥበሻ) ሲይዝም በዚያው ትዕግሥት ይቀጥላል። ዎክ ትዕግሥት የሚፈልገው እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ነው። ሥጋው ተቆርጦ፣ አትክልቱ ታጥቦና ደርቆ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ተከትፎ፣ ሶሱ በአንድ ሳህን ተቀላቅሎ ከጎን ካልተቀመጠ እሳቱን አትለኩሱ። ከተለኮሰ በኋላ ያለው ሥራ አምስት ደቂቃ አይሞላም፤ በዚያ መሃል ነጭ ሽንኩርት ልትልጡ ዞር ካላችሁ ዎኩ ላይ ያለው አርሯል።

ሥጋው ጠነከረ፣ አትክልቱ በውሃ ዋኘ

ብዙ ሰው የሚያማርርበት ይህ ነው። ሁለቱ ምልክቶች አብረው የሚመጡትም ምንጫቸው አንድ ስለሆነ ነው። መጥበሻው በቂ ሳይግል ወይም ከአቅሙ በላይ ሲሞላ የሥጋው ውሃ ወጥቶ ለመትነን ፋታ ያጣል። ሥጋው በራሱ ውሃ መቀቀል ይጀምራል፤ ይገረጣል፤ ይጠነክራል። አትክልቱም ያንኑ ይከተላል።

መጀመሪያ መጠኑን ቀንሱ። በቤት ምድጃ በአንድ ዙር ከ250 ግራም በላይ ሥጋ አታስገቡ። ለስድስት ሰው የምትሠሩ ከሆነ ሦስት ጊዜ ጥበሱ እንጂ አንድ ጊዜ አትሙሉት። ሥጋው መልኩ ሲለወጥ አውጡት፤ አትክልቱን ለብቻ ጥበሱ፤ መጨረሻ ላይ አገናኟቸው። የታጠበ አትክልት በወንፊት ጠፍፎ በጨርቅ ካልተደረቀ ውሃውን ይዞ ዎኩ ውስጥ ይገባል። ክዳን አይከደንም።

ቀጥሎ አቆራረጡ ነው። የበሬ ሥጋ ክር አለው፤ ቢላው ያንን ክር አቋርጦ ይሂድ። ውፍረቱ ከሦስት ሚሊ ሜትር አይለፍ። ሥጋውን ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪዘር ውስጥ ብታቆዩት ጠንከር ስለሚል ስስ አድርጎ መቁረጡ ይቀላል።

የሬስቶራንቱ «ምስጢር» የሚባለው ደግሞ ስታርች ነው። ለ500 ግራም ሥጋ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሻኦሺንግ የሩዝ ወይን፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርችና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት አሽታችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ስታርቹ ሥጋውን ሸፍኖ ውሃውን ይይዝለታል፤ ኋላም ሶሱ እንዲጣበቅበት ያደርጋል። አልኮል የማይነካ ሰው ወይኑን በመረቅ ወይም በውሃ ይተካ፤ ምግቡ አይበላሽም። ሥጋው የጠና በሬ ከሆነ ከዚህ በፊት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ በጥብጣችሁ እሹበት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ በደንብ አጥባችሁ ጭመቁት። ሳይታጠብ ከቀረ ሳሙና ሳሙና ይላል። ከመጠን ካለፈም ሥጋው እንደ ቋሊማ ይልመጠመጣል፤ ይህን ከመብላት የጠነከረውን ማኘክ ይሻላል።

ያ የዎክ ሽታ አልመጣም፣ ወይም ሁሉም ነገር ሥሩ ላይ ተጣበቀ

የጓንግዶንግ ሰዎች ዎክ ሄይ የሚሉት ያ ጭስ ጭስ የሚል ጠረን የሚመጣው ዘይቱ በጋለ ብረት ላይ ሲሆን፣ አንዳንዴም እሳቱ ዘይቱን ሲነካው ነው። የሬስቶራንት ምድጃ ከቤቱ ብዙ እጥፍ ኃይል ስላለው ሙሉውን ቤት ውስጥ ማግኘት አይቻልም፤ ግማሹን ግን ይቻላል። ታቹ ክብ የሆነ ዎክ ጠፍጣፋ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ አይሠራም፤ ብረቱ ምድጃውን የሚነካው በትንሽ ቦታ ብቻ ነው። ታቹ ጠፍጣፋ የሆነውን ግዙ። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ አንድ ዕድል አላችሁ፦ የከሰል ምድጃ። ክብ ዎክ ፍሙ ላይ በደንብ ይቀመጣል፣ ሙቀቱም ከብዙ ኤሌክትሪክ ምድጃ ይበልጣል። ደጅ ላይ ይሁን እንጂ፤ የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ውስጥ ይገድላል።

መጣበቁ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ባዶው ዎክ ሳይግል ዘይት ስለሚፈስበት ነው። ባዶውን አግሉት፤ ጠብታ ውሃ ስትረጩበት እየተንከባለለ ሲሸሽ ዘይቱን ጨምሩ፤ ዘይቱን አዟዙራችሁ ወዲያው ሥጋውን አስገቡ። ሥጋውን ለ20 ሰከንድ ያህል አትነካኩት፤ ሲጠበስ ራሱ ይላቀቃል። አዲስ የብረት ዎክ ከሆነ መጀመሪያ የፋብሪካውን ቅባት በሳሙና አጥቡ፣ ብረቱ ሰማያዊ እስኪመስል አግሉ፣ ከዚያ ስስ ዘይት እየቀባችሁ ደጋግማችሁ አግሉት። ይህ ሁሉ ለቴፍሎን አይሆንም፤ የማያጣብቀውን መጥበሻ ባዶውን ማጋል ሽፋኑን ያበላሸዋል።

የተጠበሰው ሩዝ ላቆጠ

ትኩስ ሩዝ ጠብሳችኋል። ከድስት የወጣ ሩዝ እንፋሎት የሞላበት ስለሆነ ይጣበቃል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ስታርቹ ይጠነክራል፣ ላዩም ይደርቃል፣ ፍሬው ከፍሬው ይለያያል። ቻይናውያን የትናንቱን ሩዝ የሚጠብሱት ለቁጠባ ብቻ አይደለም።

ሩዙን ውሃው እስኪጠራ እጠቡ፤ ለአንድ ኩባያ ሩዝ አንድ ከሩብ ኩባያ ያህል ውሃ አድርጋችሁ አብስሉ፤ ትሪ ላይ ዘርግታችሁ እንፋሎቱ ሲወጣ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ጠረጴዛ ላይ አታሳድሩ፤ በበሰለ ሩዝ ላይ የሚራባው ባሲለስ ሴሪየስ የተባለው ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ ዳግም ቢጠበስም አይጠፋም። ከመጥበሱ በፊት የተጓጎለውን በእጅ በትኑት። ሶይ ሶስ አታብዙበት፤ ስሙ የገነነው የያንግዡ ከተማ የተጠበሰ ሩዝ ነጣ ያለ ነው፣ ጣዕሙም ከእንቁላል፣ ከጨውና ከተጨመረበት ነገር ይመጣል።

ምግቡ ጠቆረ፣ ጨው በዛበት፣ ሶሱም ቀጠነ

ሶይ ሶስ ሁለት ነው። ቀላሉ ለጨውና ለጣዕም፣ ጥቁሩ ለመልክ። ጥቁሩ ወፈር ያለ ስለሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ ለአንድ ድስት ይበቃል። አንዱን በሌላው ቦታ የተጠቀመ ሰው ምግቡ ወይ ከሰል ይመስላል ወይ ጨው ይበዛበታል። ሁለቱም ጨው ስላላቸው ጨው የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ቀምሶ ነው።

ለቀጠነ ሶስ፦ አንድ እጅ ስታርች በሁለት እጅ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፤ ስታርቹ ሥር ስለሚቀመጥ ልትጨምሩ ስትሉ እንደገና አማስሉት፤ ሶሱ እየፈላ ሳለ በጥቂት በጥቂቱ አፍስሱ። ያልፈላ ሶስ ላይ የተጨመረ ስታርች ዱቄት ዱቄት ይላል። ከወፈረ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከተቀቀለ መልሶ ይቀጥናል፤ ስለዚህ ወፈር ሲል አውርዱት። የሰሊጥ ዘይትም የሚገባው ያኔ ነው። ቻይናውያን ለማጣፈጫ የሚጠቀሙበት ከተቆላ ሰሊጥ የተጨመቀው ነው፤ ከጅምሩ ቢጠበስበት ይመራል፣ ሽታውም ይጠፋል።

ማፖ ቶፉው ተፈረካከሰ፣ ወይም ማቃጠል ብቻ ሆነ

ማፖ ቶፉ ቶፉን (ከአኩሪ አተር እንደ አይብ የሚረጋውን) ከተፈጨ ሥጋ ጋር በሚያቃጥል ሶስ የሚያበስል የሲቹዋን ምግብ ነው፤ የተወለደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቼንግዱ ከተማ ነው። ቶፉው እንዳይፈረካከስ ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ጨው ባለበትና ሊፈላ ጫፍ በደረሰ ውሃ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ አቆዩት፤ ጠንከር ይላል፣ የጥሬ አኩሪ አተር ሽታውም ይለቃል። ሶሱ ውስጥ ከገባ በኋላ አይማሰልም፤ በጭልፋው ጀርባ ወደፊት ገፋ ገፋ ይደረጋል። ስታርቹን በአንድ ጊዜ ከማፍሰስ ለሦስት ከፍላችሁ ጨምሩት፤ ያለዚያ ቶፉው ውሃ እያወጣ ሶሱን ያቀጥነዋል።

ጣዕሙ ማቃጠል ብቻ ከሆነ በበርበሬ ወይም በሚጥሚጣ ሠርታችሁታል። በርበሬ ኮረሪማውንና ሌላውን ቅመም ይዞ ስለሚመጣ ሳህኑ ላይ የሚቀርበው ወጥ ነው፤ ጥሩ ወጥ ሊሆን ይችላል፣ ማፖ ግን አይደለም። ይህ ምግብ የቆመው ዱባንጂያንግ በሚባለው ከባቄላና ከቀይ ቃሪያ በሚፈላ ድልህ ላይ ነው፤ ስልጆ እየበላ ያደገ ሰው የፈላ ባቄላ ምን ዓይነት ጥልቀት እንደሚሰጥ አይጠፋውም። በሲቹዋን ፒሺየን በሚባለው አካባቢ የሚሠራው ዓይነት ይመረጣል። በመካከለኛ እሳት ዘይቱ ቀይ እስኪሆን ይቁላላ፤ እዚህ ላይ የወጥ ትዕግሥታችሁ ይጠቅማል፣ በብርቱ እሳት ያርራልና። ምላስ የሚያደነዝዘው ሁዋጂያኦ ደግሞ ከቁንዶ በርበሬ ጋር ዝምድና የለውም፤ የሎሚ ቤተሰብ ነው፣ አይተካካም። ቆላ አድርጋችሁ ፈጭታችሁ መጨረሻ ላይ ነስንሱት። በጾም ሥጋውን በተከተፈ እንጉዳይ መተካት ይቻላል፤ የሚጎድለው ጥቂት ነው።

የጎንግባኦ ዶሮ (ኩንግ ፓኦ የሚባለው፣ በሲቹዋን ገዢው በዲንግ ባኦዠን ማዕረግ የተሰየመው) ከመረረ ደረቁ ቃሪያ አርሯል። ዘይቱ ሳይጨስ አስገቡት፤ ጠቆር ሊል ሲል ዶሮው ይከተል። ለውዙ የሚገባው ከእሳት ሲወርድ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ይለሰልሳል።

ጂያኦዚው ውሃ ውስጥ ተፈታ

ጂያኦዚ ሥጋና ጎመን በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ የሚቀቀል ነው። ብዙ የመመሪያ ጽሑፍ የአሳማ ሥጋ ይላል፤ ያ ግን ግዴታ አይደለም። በሰሜን ቻይና የበግ ሥጋ ጂያኦዚ የቆየ ምግብ ነው፣ ሁዊ የሚባሉት ቻይናውያን ሙስሊሞችም አሳማ የሌለበት ሙሉ የምግብ ባህል አላቸው። አሳማ የማይበላ ሰው የአሳማን ምግብ እየቀየረ ከሚደክም ከዚያ ቢጀምር ይሻለዋል።

ከተፈታ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ጎመኑ ነው። ጥቅል ጎመን ውስጥ ያለው ውሃ ጨው ሲነካው ይወጣል፤ ጠርዙን ያረጥበዋል፣ የረጠበ ጠርዝም አይያያዝም። ለ300 ግራም የተከተፈ ጎመን አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሳችሁ ከ15 ደቂቃ በኋላ በጨርቅ ጭመቁት፤ የሚወጣው ውሃ ያስደነግጣል። ሊጡ ለ300 ግራም ዱቄት 150 ግራም ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ደረቅ ይመስላል፣ ግማሽ ሰዓት ተሸፍኖ ሲያርፍ ይለሰልሳል። ስትዳምጡት መሃሉ ወፈር፣ ዳሩ ሳሳ ይበል። ጠርዙን ዘይት አይንካው።

ስትቀቅሉ፦ ውሃው ሲፈላ አስገቡ፤ ሥር እንዳይጣበቅ በማንኪያ ጀርባ ገፋ አድርጉ፤ ሲፈላ አንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ፤ ይህን ሦስት ጊዜ ድገሙ። ቀዝቃዛው ውሃ ፍላቱን ስለሚያበርደው ሊጡ ሳይቀደድ ውስጡ ይበስላል። ፍሪዘር ውስጥ በረዶ የሆነ ጂያኦዚ ሳይሟሟ በቀጥታ ይገባል።

ከፍታ ላይ ላላችሁ አንድ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የጓንግዡ ወይም የሻንግሃይ ሰው «ስምንት ደቂቃ» ሲል የሱ ውሃ 100 ዲግሪ ነው። ስለዚህ አራተኛ ኩባያ ጨምሩ፤ አንዱን ቆርጣችሁ መሃሉን እዩ። ለሩዝም ለኑድልም እንዲሁ ደቂቃ ጨምሩ። ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ያላችሁ ይህን እርሱት።

ማንቶው ተጨማደደ

በእንፋሎት የሚበስለው ነጭ ዳቦ ክዳኑ ሲከፈት አብጦ ይታይና ዓይናችሁ እያየ ይሟሽሻል። ሦስት ምክንያት አለ። አንዱ ከልክ በላይ መቡካት ነው፤ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ሊጥ ቶሎ ይነፋል፣ በመመሪያው ሰዓት ከጠበቃችሁ ዘግይታችኋል። ሰዓቱን ትታችሁ በጣት ንኩት፤ የጣቱ ምልክት በዝግታ ተመልሶ የሚሞላ ከሆነ ደርሷል፣ ጎድጉዶ ከቀረ አልፏል። ሁለተኛው ከክዳኑ የሚንጠባጠብ ውሃ ነው፤ የወደቀበትን ቦታ ያኮማትረዋል። ክዳኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ ከሥሩም የጎመን ቅጠል አንጥፉ። ሦስተኛው ችኮላ ነው፦ እሳቱን አጥፉ፣ ክዳኑን በጣት ያህል ገርበብ አድርጋችሁ አምስት ደቂቃ ቆዩ፣ ከዚያ ክፈቱ።