«ሁሉም ነገር በእግር አምስት ደቂቃ ነው» ስትባሉ

ሱቁም ገበያውም በእግር የሚደረስበት ሰፈር ውስጥ ቤት ለመግዛት ላሰባችሁ።

አምስት ደቂቃ ማለት በተለመደ እርምጃ 400 ሜትር ገደማ ነው። በስልክ ካርታ ስትለኩ ቀጥታ መስመሩን ትታችሁ የእግር መንገዱን ምረጡ። መሃል ላይ ሰፊ አውራ ጎዳና ካለ፣ መሻገሪያ ፍለጋ ብቻውን ርቀቱን እጥፍ ሊያደርገው ይችላል።

ከዚያ ሂዱበት። አንዴ በሥራ ቀን ጠዋት፣ አንዴ አርብ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ። በየእጃችሁ አምስት አምስት ኪሎ ዕቃ ይዛችሁ ከገበያው እስከ ቤቱ በር ተመለሱ፤ ዳገቱና የተሰባበረው የእግረኛ መንገድ ያኔ ይታወቃል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ድምፅን ነው። ትንንሾቹ ሱቆችና ካፌዎች የሰፈሩ ውበት ናቸው፤ መኝታ ቤታችሁ ከአንዱ ሱቅ ወይም ካፌ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ከሆነ ግን የማቀዝቀዣውን ሞተር፣ የወጥ ቤቱን ጭስና ንጋት ላይ ዕቃ የሚያራግፈውን መኪናም አብራችሁ ገዛችሁ። ምድር ቤቱ ዛሬ መጻሕፍት መደብር ሆኖ ነገ መጠጥ ቤት ሊሆን ይችላል። ምን ዓይነት ንግድ እንደሚፈቀድበት ከማዘጋጃ ቤት ጠይቁ። ጎን ያለው ባዶ ቦታ ላይ ስንት ፎቅ እንደሚፈቀድም እዚያው አጣሩ፣ የመስኮታችሁ ፀሐይ በእሱ ይወሰናል።

አሮጌ ቤት ከሆነ በዝናብ ማግስት እዩት። ከወለሉ እስከ አንድ ሜትር ድረስ ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ እርጥበት ለመሸፈን የተደረገ ሊሆን ይችላል።

መኪና ካላችሁ ማቆሚያው በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። የደላላው «ቦታ አይጠፋም» አይበቃም።