ሾትገናችሁ ለተርኪ አደን ጥይቱን ሰብስቦ እንዲመታ መራቅ ያለባችሁ ስህተቶች

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ተርኪ የሚባለው ትልቅ የዱር ወፍ የጸደይ አደን የሚከፈተው በአፕሪል ሁለተኛ ቅዳሜ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሱቅ ውስጥ ካለው ሁሉ ጠባቡን ቾክ (በርሜሉ አፍ ላይ የሚገጠም ማጥበቢያ ቱቦ) እና ውዱን ጥይት ገዛሁና አንድም ቀን ወረቀት ላይ ሳልሞክር ጫካ ገባሁ። አንድ አውራ ተርኪ ጅራቱን ዘርግቶ እየተንጎራደደ መጣ፤ 35 ያርድ ገደማ ሲደርስ ተኮስኩ። ላባ በነነ። ወደቀ፣ ተነሳ፣ ሮጦ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ። እስከ ቀትር ፈለግኩት፣ አላገኘሁትም። ያ ቆስሎ የሄደ ወፍ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ ይህን የምጽፈውም ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው።

ትልቁ ስህተት ይኸው ነው፦ ወረቀት ላይ ሳይተኩሱ መሄድ። ሾትገን በአንድ ተኩስ ብዙ ጥቃቅን ፍሬ የሚበትን ጠመንጃ ነው፤ ተርኪ የሚገደለው ግን ጭንቅላቱና የአንገቱ አጥንት ሲመታ ነው። ገላው በላባና በወፍራም የደረት ሥጋ ስለተሸፈነ እዚያ ላይ የሚያርፍ ፍሬ ማቁሰል እንጂ ወዲያው መጣል አይችልም። ስለዚህ ብዙ ፍሬ ትንሽ ቦታ ላይ መሰብሰብ አለበት። የተለመደው መለኪያ እንዲህ ነው። ትልቅ ወረቀት 40 ያርድ ላይ ስቀሉ፤ 36 ሜትር ተኩል ገደማ ማለት ነው። ተኩሱ፤ ከዚያ ፍሬው በጣም የበዛበትን ቦታ መሀል አድርጋችሁ 10 ኢንች ስፋት ያለው ክብ አስምሩና ቁጠሩ። ብዙ አዳኞች ክቡ ውስጥ 100 ፍሬ ካላገኙ 40 ያርድ ላይ አይተኩሱም። አንድ ከሦስት ሩብ አውንስ የሆነ ባለ 5 ቁጥር (ቁጥሩ ሲበዛ ፍሬው ይደቃል) የእርሳስ ጥይት 300 ገደማ ፍሬ ስላለው፣ ሲሶው እዚያ ትንሽ ክብ ውስጥ መግባት አለበት ማለት ነው።

ደግሞ በአንድ ተኩስ ብቻ አትፍረዱ። ያው ጠመንጃ፣ ያው ጥይት ሆኖ ሁለተኛው ወረቀት ከመጀመሪያው ይለያል። ቢያንስ ሦስት ወረቀት ያስፈልጋል። ጓደኛችሁ ተመሳሳይ ሞዴል ይዞ ያገኘውን ውጤትም እንደራሳችሁ አትቁጠሩት፤ እያንዳንዱ በርሜል የራሱ ጠባይ አለው።

ሁለተኛው እኔን የጎዳኝ ነው፦ ቾኩ በጠበበ ቁጥር ይሻላል ብሎ ማሰብ። 12 ጌጅ በሚባለው የሾትገን መጠን የበርሜሉ ውስጥ ስፋት 0.729 ኢንች ያህል ነው። ፉል የሚባለው ቾክ ወደ 0.695 ያጠበዋል፣ የተርኪ ቾኮች ደግሞ እስከ 0.640 ድረስ ይወርዳሉ። እርሳስ ለስላሳ ነገር ስለሆነ ከልክ በላይ በጠበበ አፍ ሲያልፍ ፍሬዎቹ ይጋጫሉ፣ ይጨፈለቃሉ፤ የተጨፈለቀ ፍሬ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። የኔን ወረቀት በመጨረሻ ስሰቅለው ጠርዝ ጠርዙ ተበሳስቶ መሀሉ ላይ መዳፍ የሚያህል ባዶ ቦታ ነበር። ወረቀቱ ላይ ካለው የተርኪ ስዕል አንገት ላይ ያረፈው ሁለት ፍሬ ብቻ ነው። ጥይቱን ሳልቀይር ቾኩን ወደ 0.665 ሳሰፋው ግን አንገቱ በቀዳዳ ሞላ። መጀመሪያ ይህን አይቼ ቢሆን ያ ወፍ በከንቱ ባልተሰቃየ ነበር።

እዚህ ላይ ቀልድ የሌለበት ነገር አለ። የብረት ፍሬ እንደ እርሳስ አይጨመቅም። በጣም ጠባብ በሆነ ቾክ ከተኮሳችሁት ቾኩንም በርሜሉንም ሊያበላሽ፣ ሰውም ሊጎዳ ይችላል። ቲ ኤስ ኤስ የሚባለው የተንግስተን ፍሬ ደግሞ ከብረትም ይጠነክራል። ክብደቱ ግን ተአምር ነው፤ እርሳስ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 11 ግራም ሲሆን እሱ 18 ይደርሳል። በዚህ ምክንያት 9 ቁጥር የሆነች ደቃቅ ፍሬ እንኳ ሩቅ ሄዳ ትሠራለች፣ አንድ አውንስ ውስጥም 360 ያህል ትገባለች። ዋጋው ግን ኪስ ያራግፋል። ቾኩን የሠራው ፋብሪካ የትኛውን ፍሬ እንደሚፈቅድ ሳታነቡ አትተኩሱ።

ሌላው ፍሬ መቁጠር ላይ ብቻ ተጠምዶ ክቡ የት እንዳረፈ አለማየት ነው። 120 ፍሬ ሰብስቦ ከዒላማው 6 ኢንች ወደ ግራ የሚመታ ጠመንጃ ምን ይጠቅማል? ይህ በጣም የተለመደ ችግር ነው፤ ሾትገን አፈሙዙ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ የማነጣጠሪያ ጉብታ ብቻ ሲነጣጠር ጉንጭ ከሰደፉ ትንሽ ከፍ ካለ ተኩሱም ከፍ ይላል። የሚስተካከል ማነጣጠሪያ ወይም ቀይ ነጥብ የሚያሳይ መነጽር ግጠሙበት። ለማስተካከሉ ርካሽ ቀላል ጥይት ይበቃል፤ መጀመሪያ ከ20 ያርድ፣ ጠመንጃውን ጠረጴዛ ላይ በደንብ አስደግፋችሁ። ውዱን ጥይት ለመጨረሻው ማረጋገጫ አቆዩት።

ርዝመቱ ሦስት ኢንች ተኩል የሆነውን ትልቁን ጥይት ካልገዛሁ የሚል ሰውም ብዙ ነው። ትከሻ ይደቃል፤ ከሁለት ተኩስ በኋላ ሰው ምላጩን ሳይስብ ዓይኑን መጨፈን ይጀምራል። ፍጥነቱ የበዛ ጥይት እርሳሱንም ሲነሳ ይጨፈልቀዋል። ረጋ ያለ ባለ ሦስት ኢንች ብዙ ጊዜ የተሻለ ይሰበስባል።

በርሜሉን ማጽዳት አትርሱ፤ የጥይቱ ፕላስቲክ ውስጡን ይለብሰዋል። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጡና ቾኩን በየጥቂት ተኩሱ አጥብቁት፣ ይላላል።

በመጨረሻ በቅርብ ርቀትም ሞክሩ። ሁሉም የ40 ያርዱን ወረቀት ይዞ ይኮራል፣ ግን ወፉ ብዙ ጊዜ 15 ያርድ ድረስ ይመጣል። እዚያ ላይ የጠበቀ ቾክ የሚሠራው ቀዳዳ ከቡጢ ብዙም አይበልጥም። የተርኪ አንገት ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም። ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ እስኪቆም ጠብቁ፤ ስትተኩሱ ላባው አልቆ ቀዩ ቆዳ የሚጀምርበትን የአንገቱን ሥር አልሙ።

እኔ አሁን ሰደፉ ላይ ፕላስተር ለጥፌ ሦስት ነገር ጽፌበታለሁ፦ የቾኩን ቁጥር፣ የጥይቱን ስም፣ 38 ያርድ። ከሦስት ወረቀቶቼ ደካማው 100 ፍሬ የያዘልኝ እስከዚያ ድረስ ነው። ባለፈው ጸደይ አንድ ትልቅ አውራ 45 ላይ ቆሞ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲጮህ ዋለና ዞሮ ሄደ፤ ጠመንጃውን አላነሳሁም።