ልጃችሁ ጉልበት አጠገብ ጠንካራ እብጠት ስታገኙ

ድሬዳዋ ውስጥ ልጅ ጉልበቱ አጠገብ እብጠት ካወጣ «ኳስ ሲጫወት ተመቶ ነው» ይባላል። ቀጥሎ «ወጌሻ ይየው» ይመጣል። እኔ ግን ራጁ ይቅደም ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ዳስሱት። እንደ አጥንት የጠጠረ፣ የማይንቀሳቀስና የማያም ከሆነ ኦስቲዮኮንድሮማ ሊሆን ይችላል። ከአጥንት ላይ የሚበቅል፣ ጫፉ ልም አጥንት የለበሰ፣ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ነው። ሌላ ቦታም ወይም ቤተሰብ ውስጥ ካለ ለሐኪሙ ንገሩ፤ በዘር የሚወረስ ዓይነት አለው።

አታሳሹት። ከወጌሻ ጋር ጸብ የለኝም፤ ግን ይሄ ወለምታ አይደለም። ክፉ ነገር ከሆነ ደግሞ ጊዜ ይበላል።

አሁን ራጅ። ከፊትና ከጎን ይነሳ፤ አንዱ ብቻ ያታልላል። ሐኪሙ የሚፈልገው የአጥንቱ ቅርፊትና መቅኔ ሳይቋረጡ ወደ እብጠቱ መቀጠላቸውን ነው። ይሄ በግልጽ ከታየ ብዙ ጊዜ ናሙና መውሰድ አያስፈልግም። ኤምአርአይ የሚታዘዘው ሲያጠራጥር ነው፤ ከመሬት ተነስታችሁ አትጠይቁ፣ ውድ ነው። እብጠቱ በእጅ ሲነካ ከራጁ ላይ ከሚታየው ቢበልጥ አትደንግጡ። ልም አጥንት ራጅ ላይ በደንብ አይታይም።

ፊልሙን አትጣሉ! ከሪፖርቱ ወረቀት ይልቅ እሱ ይበልጣል፤ ማደጉ የሚታወቀው ከአሮጌው ጋር ሲነጻጸር ነው። በስልክ ስታነሱት መስኮት ላይ ለጥፉና ስምና ቀኑ እንዲታይ ሙሉውን አንሱ። ወደ ሐረር፣ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሪፈር ከተጻፈላችሁ ግን ዋናውን ፊልም ያዙ።

ከዚያ በኋላ አብዛኛው ሥራ ቀጠሮ ማክበር ነው። ዕጢው ከልጁ ጋር ያድጋል፤ ቁመቱ ሲቆም ይቆማል። የሚያሟሟው መድኃኒት የለም።

ካመመ፣ ነርቭ ወይም ደም ሥር ከተጫነ፣ አጥንት ካጣመመ ኦፕሬሽን ይደረጋል። ትንሽ ልጅ ከሆነ አጥንቱ የሚያድግበት ክፍል እንዳይጎዳ ብዙ ጊዜ ቆይ ይባላል። የልም አጥንቱ ቆብ ከነሽፋኑ ካልወጣ ተመልሶ ሊበቅል ስለሚችል ስለዚህ ጠይቁ። የወጣው ሥጋ የላቦራቶሪ ውጤትም ይቀመጥ።

የጣት አጥንት ውስጥ የሚያድገው ኤንኮንድሮማ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ጣት በቀላል ምት ሲሰበር ነው። ካስፈለገ ተፍቆ ይወጣል፣ ባዶው በአጥንት ይሞላል።

አንድ ብቻ የሆነ ኦስቲዮኮንድሮማ ወደ ካንሰር የሚቀየረው 1 በመቶ ገደማ ነው። ቁመት ካቆመ በኋላ እብጠቱ ካደገ፣ ወይም ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም።