ሞለኪውል ስትስሉ መስመሩን ቁጠሩ
ለባዮሎጂ ፈተና የምትዘጋጁ የወሎ ተማሪዎች፣ ሞለኪውል ስላችሁ ስትጨርሱ በየአቶሙ ዙሪያ ያለውን መስመር (ቦንድ፣ ማለትም አቶሞችን የሚያያይዝ ትስስር) ቁጠሩ፦ ሃይድሮጅን 1፣ ኦክስጅን 2፣ ናይትሮጅን 3፣ ካርቦን 4። ድርብ ቦንድ 2 ተብሎ ይቆጠራል። ካርቦን ካሉት 6 ኤሌክትሮኖች 4ቱ የውጭ ሼል (የመጨረሻው የኤሌክትሮን ንብርብር) ላይ ናቸው፤ 8 እንዲሞላ 4 ይጎድሉታል፣ ስለዚህ 4 ቦንድ ይሠራል። አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ናይትሮጅኑ 4 መስመር ካለው የ+ ምልክት ሊኖረው ግድ ነው፣ ከሌለው ሥዕሉ ተሳስቷል።

ብዙ ነጥብ የሚያስጥለው ደግሞ የሃይድሮጅን ቦንድ ነው። በአንድ የውሃ ሞለኪውል ውስጥ ኦክስጅንና ሃይድሮጅንን የሚያያይዘው ኮቫለንት ቦንድ (ኤሌክትሮን በመጋራት የሚሠራ) ስለሆነ በድፍን መስመር ይሳላል። የሃይድሮጅን ቦንድ ያለው በአንዱ ሞለኪውል ሃይድሮጅንና በጎረቤቱ ኦክስጅን መካከል ነው፤ በነጠብጣብ መስመር ሳሉት። ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ያኔ የሚበጠሰው ይኸው ነጠብጣቡ ነው፣ ድፍኑ አይነካም።