ባትሪ የማይበላ ሬዲዮ

የመጀመሪያዋን ሬዲዮዬን የሠራሁት ደብረ ብርሃን፣ ጥር ላይ ነው። ሦስት ማታ ሙሉ ጋቢ ተከናንቤ ጆሮዬን ብደቅን ዝም። ሽቦውን ፈትቼ እንደገና ጠመጠምኩ። ዳዮዱን፣ ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን ዕቃ፣ ገለበጥኩ። ወይ ፍንክች።

በአራተኛው ቀን አጎቴ ከደብረ ሲና መጣ። ሬዲዮ ሲጠግን ነው ያረጀው። የሠራሁትን ዞር ብሎም አላየው። በቀጥታ ጓሮ ሄዶ ሬዲዮውን ከመሬት ጋር እንዲያገናኝ የቀበርኩትን ብረት ያዝ አድርጎ ነቀነቀው። «ይሄ እኮ አየር ላይ ነው ያለው» አለኝ። እውነቱን ነው። መረሬው ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ ብረቱን ለቆታል። አንድ ጀሪካን ውሃ አፈሰሰበትና አፈሩን በእግሩ ጠቀጠቀው። የዚያን ማታ ሰው ሲናገር ሰማሁ።

ስለዚህ እኔም ከመሬቱ እጀምራለሁ። አንድ ሜትር የሚሆን ፌሮ ፈልጉ። የላይኛውን ጫፍ ዝገቱ እስኪለቅ ፋቁት። የልብስ እጣቢ የሚደፋበት ቦታ ካላችሁ እዚያ ምቱት፤ ከግቢው ሁሉ እርጥቡ እሱ ነው። የተላጠ ሽቦ አምስት ስድስት ጊዜ ጠምጥማችሁ በደንብ እሰሩበት። በበጋ አመሻሽ ላይ ውሃ አጠጡት፣ ልክ እንደ ችግኝ።

ለአንቴና 20 ሜትር ሽቦ ይበቃል። አንዱን ጫፍ ከቤቱ፣ ሌላውን ከባህር ዛፍ ጋር በሲባጎ እሰሩ። ዛፉ በነፋስ ስለሚወዛወዝ ሽቦውን አታወጥሩት። ቆርቆሮውን እንዳይነካ። ከመብራት መስመር ደግሞ ራቁ፤ በላይም በታችም አታሳልፉት፣ ሽቦው ቢበጠስ እንኳ የማይደርስበት ቦታ ይሁን።

አሁን ጥቅልሉ። 50 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የሞተር ሽቦ 100 ዙር ጠምጥሙ። ሞተር ጠምጣሚዎች ዘንድ ይገኛል፤ ወደ 16 ሜትር ይፈጃል፣ ትንሽ ትርፍ ያዙ። በየ10 ዙሩ ሽቦውን ቆልመም አድርጋችሁ ትንሽ ጆሮ አውጡለት። ይህ ሽቦ ራቁቱን ይመስላል እንጂ በቫርኒሽ የተለበጠ ነው። ጆሮዎቹንና ሁለቱን ጫፎች በምላጭ ዙሪያውን ፋቁ። ቡናማው ተነስቶ እንደ አዲስ ሳንቲም የሚያብለጨልጭ መዳብ ሲወጣ አቁሙ። አንድ ጎኑን ብቻ ፍቆ የሚተው ሰው ብዙ ነው፤ ያኔ ሽቦው አንዴ ይነካል፣ አንዴ ይለቃል።

ቫሪያብል ካፓሲተሩን ከተበላሸ ሬዲዮ አውጡ፤ ጣቢያ መቀየሪያው የሚዞርበት ዕቃ ነው። ሦስት እግር ካለው የዳርና የዳሩን አንድ ላይ እሰሩ።

ዳዮዱ የጀርመኒየም መሆን አለበት። የሲሊከኑ ዳዮድ በደንብ ለማሳለፍ 0.6 ቮልት ያህል ይፈልጋል፣ ከአንቴና የሚመጣው ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። የጀርመኒየሙ በ0.2 አካባቢ ይጀምራል። በድሮ የጃፓን ትራንዚስተር ሬዲዮ ውስጥ፣ አናቷ ጥቁር የሆነችው ኮይል አጠገብ ፈልጉ፤ ትንሽ ብርጭቆ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1944 እ.ኤ.አ.፣ ጣሊያን አንዚዮ ላይ የመሸጉ ወታደሮች ዳዮድ ቢያጡ በምላጭና በእርሳስ ጫፍ ሠርተው ሰምተዋል።

አገናኙ። የመበየጃ ካውያ አያስፈልግም፣ ሞርሴቶና ካቻቢቴ ይበቃል። የጥቅልሉ ታችኛ ጫፍ ከፌሮው፣ ላይኛው ጫፍ ከካፓሲተሩ የዳር እግሮች ጋር ይታሰር። የካፓሲተሩ መሃል እግር ወደ ፌሮው። አንቴናው ከታች ሲቆጠር 30ኛው ዙር ላይ፣ ዳዮዱ 60ኛው ላይ። ከዳዮዱ ሌላኛው ጫፍና ከፌሮው መስመር ላይ ድምፁ ይወጣል።

ድምፁን ለመስማት የስልክ ኤርፎን አይሆንም፤ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። የክሪስታል ኤርፎን ካገኛችሁ ከ47 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጋር ጎን ለጎን እሰሩት፤ ያኔ በእርግጥም ባትሪ የማይበላ ሬዲዮ ነው። ለመጀመሪያ ሙከራ ግን ድምፁ የሚወጣባቸውን ሁለት መስመሮች ቻርጅ የሚደረግ ስፒከር ኦክስ (የድምፅ ማስገቢያ) ላይ ሰኩ። ቻርጀሩን ንቀሉ፣ አለዚያ ጩኸት ያመጣል።

ይህ ሬዲዮ ኤፍ ኤም አይዝም፣ መካከለኛ ሞገድ ብቻ ነው። ቀን ላይ ብዙ አትጠብቁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሞገዱን የሚውጠው የሰማይ ንብርብር ይሳሳና የሩቅ ጣቢያ መግባት ይጀምራል። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ከቀይ ባህር ማዶ አረብኛ ሲመጣ አትደንግጡ። ጣቢያ ከተደበላለቀ አንቴናውን ወደ 20ኛው ዙር አውርዱት፤ ድምፁ ይቀንሳል፣ ግን ይለያል።

ዝም ካለ የኦክሱን ጫፍ በጣት ንኩ። ስፒከሩ እርር ካለ እሱ ደህና ነው። ቀጥሎ የፌሮውን ሽቦ ንቀሉና መልሱ። ሲነቀልም ሲመለስም ምንም ለውጥ ከሌለ ጥፋቱ ጓሮ ነው፤ ውሃ ይዛችሁ ውጡ።

ሰማዩ ሲጠቁር፣ ነጎድጓዱ ገና ሩቅ ሳለ፣ አንቴናውን ነቅላችሁ ከቤት ውጭ ከፌሮው ጋር አገናኙት። መብረቅ ጀምሮ ከሆነ ግን አትንኩት። እኔ ከሰኔ እስከ መስከረም ጨርሶ አወርደዋለሁ። መረሬው ፌሮውን ጥርቅም አድርጎ የሚይዘው ደግሞ ያኔ ነው። ለዚህ ነው ጥቅምትን የምጠብቀው፤ ዝናቡ ቆሟል፣ አፈሩ ገና አልደረቀም።