ፋኒ ሄሰ ያስገባችው አጋር-አጋር፦ የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሳህን አዘገጃጀት

እ.ኤ.አ. በ1881 ዋልተር ሄሰ የተባለ ሐኪም በርሊን፣ በባክቴሪያ ተመራማሪው ሮበርት ኮኽ ላቦራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያ ለማሳደግ ሲሞክር፣ ማሳደጊያውን ፈሳሽ ለማርጋት የተጠቀመበት ጄላቲን አስቸገረው። ጄላቲን 37 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ በተጨማሪም ብዙ ባክቴሪያዎች ራሳቸው ሰባብረው ውሃ ያደርጉታል። ሥራውን የምታግዘውና የምርምሩን ሥዕሎች የምትሥልለት ባለቤቱ ፋኒ ሄሰ፣ ለጄሊ መሥሪያ የምታውቀውን አጋር-አጋር እንዲሞክር ነገረችው። ከባሕር አልጌ የሚወጣው ይህ ፈሳሽ የሚያረጋ ነገር (ባጭሩ አጋር) በላቦራቶሪው ወዲያው ሥራ ላይ ዋለ። ኮኽ በ1882 ስለ ሳንባ ነቀርሳ ባሳተመው ጽሑፍ አጋርን ሲጠቅስ ግን የእሷን ስም አላነሳም።

አጋር የሚቀልጠው ወደ 85 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነው፤ አንዴ ከቀለጠ በኋላ ግን ወደ 40 ዲግሪ እስኪወርድ ድረስ አይረጋም። ፈሳሹን ሳህን ላይ የማፍሰሱ ሥራ የሚከናወነው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው።

ለ1 ሊትር የተጣራ ውሃ 5 ግራም ፔፕቶን (ለባክቴሪያው ምግብ የሚሆን የተሰባበረ ፕሮቲን)፣ 3 ግራም የሥጋ ኤክስትራክትና 15 ግራም የአጋር ዱቄት ይለኩ። በመጀመሪያ ፔፕቶኑንና ኤክስትራክቱን አሟሙተው ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) 7 አካባቢ ያድርጉት፤ አጋሩ የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፦ አሲዳማ ፈሳሽ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት የቆየ አጋር ይሰባበራል፣ ሲቀዘቅዝም እንደ ንፍጥ ይልሞሰሞሳል እንጂ አይረጋም። ልል ሳህን ሲያጋጥም ብዙ ሰው አጋር ይጨምራል፤ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ግን ፒኤቹ ነው።

ዱቄቱ ከሥር እንዳያርር እያማሰሉ፣ ፈሳሹ ጥርት እስኪል ያፍሉት። ፍላስኩን ከግማሽ በላይ አይሙሉ፤ ክዳኑንም ላላ ያድርጉት። አውቶክሌቭ (በግፊት በታመቀ እንፋሎት ጀርሞችን የሚገድል መሣሪያ) ውስጥ 121 ዲግሪ ላይ 15 ደቂቃ ይቆይ። ግፊቱ በራሱ ይውረድ፤ በችኮላ ከተለቀቀ ፈሳሹ ገንፍሎ ይወጣል።

ከዚያ 50 ዲግሪ በሞቀ የውሃ ገንዳ ውስጥ ያቀዝቅዙት። አንቲባዮቲክ የሚጨመር ከሆነ ጊዜው አሁን ነው፤ ቀደም ብሎ ከገባ ሙቀቱ ያበላሸዋል። ሲያፈሱ የሳህኑን ክዳን በአንድ በኩል ብቻ ከፍ አድርገው በ9 ሴንቲሜትር ፔትሪ ሳህን ወደ 20 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ። በጣም ትኩስ ሆኖ ከፈሰሰ ክዳኑ ላይ እንፋሎት ይጠራቀማል፤ ጠብታው ሲወርድ ኮሎኒዎቹን (በሳህኑ ላይ የሚያድጉትን የባክቴሪያ ክምችቶች) እርስ በርስ ያደባልቃቸዋል። ከዘገየ ደግሞ እየረጋ ይጓጉላል። እንዲህ ሲሆን ፍላስኩን እንደገና ማፍላት ይቻላል፤ ግን ከአንድ ጊዜ በላይ አይድገሙት።

የረጉትን ሳህኖች በክዳናቸው ገልብጠው በፕላስቲክ ከረጢት 4 ዲግሪ ላይ ያስቀምጡ። ባክቴሪያው በሙቀት በሚያድግበት ኢንኩቤተር ውስጥም ተገልብጠው ይግቡ። ከመጠቀም በፊት ጥቂት ባዶ ሳህኖችን 37 ዲግሪ ላይ አሳድረው ይዩ፦ ምንም ሳይዘራባቸው ኮሎኒ ካበቀሉ ያ ዙር በሙሉ ይጣላል። ባክቴሪያ ያደገበት ሳህን ግን አውቶክሌቭ ሳይገባ አይጣልም።